ጤና ይስጥልኝ፤ ስለ ሰላምታና ስለ እንግዳ አቀባበል

ልጅ አፉን ሲፈታ ከእናትና ከአባቱ ስም ቀጥሎ የሚማረው ሰላምታ ነው። ሽማግሌም ብዙውን ነገር ከረሳ በኋላ ሳይረሳው የሚቆየው ሰላምታ ነው። ስለዚህ ሰላምታ ቀላል ነገር መስሎ ቢታይም የአንድን ሕዝብ ጠባይ ለመመርመር ለሚፈልግ ሰው ብዙ ያስተምረዋል። ሕዝብ ሕጉን በዐዋጅ ይለውጣል፤ ልብሱንም ከዘመን ጋራ ይለውጣል፤ የሰላምታ ልማዱን ግን ባሕር ተሻግሮ ቢኖርም እንኳ ቶሎ አይለውጥም። ካገሩ ወጥቶ በባዕድ አገር የተቀመጠ ሰው ብርዱንና ምግቡን ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይለምደዋል። ረጅም ጊዜ የሚያስቸግረው ግን በመንገድ ላይ ያገኘውን የማያውቀውን ሰው «ሰላም ልበለው ወይስ ዝም ብዬ ልለፈው?» የሚለው ጥያቄ ነው።

ይህ ጥያቄ ዛሬ የብዙ ኢትዮጵያውያን ጥያቄ ሆኗል። እኛ አገር ቤት የቀረነውም ከእርሱ ነጻ አይደለንም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አባቶቻችን እንግዳን እንዴት እንደ ተቀበሉ፣ ካገር የወጡትም ሌላውን ሕዝብ እንዴት እንዳገኙት፣ በመጨረሻም በምኖርበት በኮልፌ አንድ ታላቅ እንግዳ ያየውን ነገር በአጭሩ ለማሳየት እሞክራለሁ።

ስለ ቃሉ

ኮልፌ ቀራንዮ ከአዲስ አበባ ከተማ በስተ ምዕራብ የሚገኝ፣ ከልዩ ልዩ ክፍል የመጣ ሕዝብ ተቀላቅሎ የሚኖርበት ሰፈር ነው። ማለዳ ከቤቱ ወጥቶ ወደ አውቶቡስ መቆሚያ የሚሄድ ሰው በጥቂት መቶ ሜትር መንገድ ውስጥ ብዙ ዓይነት ሰላምታ ይሰማል። ከመስጊድ የሚመለሱት «አሰላሙ ዓለይኩም» ይባባላሉ። ኪዳን አድርሰው ከቤተ ክርስቲያን የሚወጡት «እንደምን አደራችሁ» ይላሉ። ከከተማው ዳር የመጣው ገበሬ «አካም ቡልተ» ይላል፤ ከትግራይ የመጣው ጎረቤትም «ከመይ ሓዲርካ» ብሎ ይጠይቃል።

እነዚህን ቃላት ጠጋ ብሎ ለተመለከታቸው አንድ የሚያስደንቅ ነገር ያገኛል። አማርኛው «እንደምን አደርህ»፣ ኦሮምኛው «አካም ቡልተ»፣ ትግርኛውም «ከመይ ሓዲርካ» ሲሉ ሦስቱም የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ሌሊቱን በደኅና ማሳለፍን ነው። ሌሊት ጅብና ወንበዴ፣ በሽታና ጦርነት በሚያሠጋበት አገር በደኅና ማደር ተራ ነገር አልነበረም። ስለዚህ ጠያቂው የሚጠይቀው እውነተኛ ጥያቄ ነበረ። ሰላምታ የሚለው ቃል ራሱ ሰላም ከሚለው ግዕዝ የወጣ ነው፤ ዓረቦች ሰላም፣ ዕብራውያንም ሻሎም ከሚሉት ጋራ ሥሩ አንድ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ግን ልብ ልንለው የሚገባን «ጤና ይስጥልኝ» የሚለው አነጋገር ነው። ሰጪው እግዚአብሔር ነው፤ ተቀባዩም ሰላምታ የሚቀርብለት ሰው ነው። ነገር ግን በቃሉ መጨረሻ ላይ «ልኝ» የምትል አንዲት ጥቂት ክፍል አለች። ትርጉሟም «ለእኔ ሲል» ወይም «ለእኔ ጥቅም» ማለት ነው። እንግዲህ ሰላምታ ሰጪው «ያንተ ጤንነት ለእኔ የተሰጠ ስጦታ ነው» ማለቱ ነው። ስናመሰግንም «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» እንላለን። አባቶቻችን ይህን ቃል ለዘመድ ብቻ ሳይሆን በመንገድ ላይ ለሚያገኙት ለማያውቁት ሰው ሁሉ ሰጥተውታል።

በመንገድና በደጃፍ

በቀድሞው ዘመን በሰሜኑም ሆነ በሸዋ ገጠር ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ዝም ብሎ መተላለፍ እንደ ነውር ይቈጠር ነበር። ዝም ብሎ ያለፈ ሰው ወይ ጠላት ነው፣ ወይ ሽፍታ ነው፣ አለዚያም የደረሰበት ኀዘን አለ ተብሎ ይጠረጠር ነበር። በበቅሎ የሚሄድ ሰው ታላቁን ሲያገኝ ከበቅሎው ይወርዳል፤ ነጠላውን ከትከሻው ዝቅ አድርጎ ያደገድጋል፤ ጎንበስ ብሎም እጅ ይነሣል። ሰላምታውም በአንድ ቃል አያልቅም። ስለ ራሱ ከተጠየቀ በኋላ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ አዝመራው፣ ስለ ዝናቡም ይጠየቃል። ለእያንዳንዱም ጥያቄ መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው።

ማታ በደረሰ ጊዜ መንገደኛው ካገኘው ደጃፍ ቆሞ «ቤቶች! የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይላል። ባለቤቱም «ቤት ለእንግዳ» ብሎ ያስገባዋል፤ እግሩን ያጥበዋል፤ ካለው ያበላዋል። እንግዳው ማን እንደ ሆነ፣ ወዴትም እንደሚሄድ የሚጠየቀው ከበላ በኋላ ነው። «የእግዜር እንግዳ» የሚለው ስም ጥልቅ ትርጉም አለው፤ እንግዳው የሚስተናገደው ዘመድ ስላለው ወይም ብድር መላሽ ስለ ሆነ ሳይሆን ላኪው እግዚአብሔር ነው ተብሎ ስለሚታመን ነው።

ይህ ልማድ በአገር ታሪክም ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። በ7ኛው መቶ ዓመት የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች ከመካ ተሰደው በመጡ ጊዜ የአክሱም ንጉሥ ተቀብሎ አስጠልሏቸዋል። ወደ እኛ ዘመን ስንቀርብም በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምን ሲጐበኙ በቱርክ ምድር ከደረሰው እልቂት የተረፉ አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችን አግኝተው ወደ አዲስ አበባ እንዲመጡ አድርገዋል። ልጆቹ «አርባ ልጆች» ተብለው በሙዚቀኛነታቸው የታወቁ ሆኑ፤ አለቃቸው ኬቮርክ ናልባንዲያንም እስከ አብዮቱ ዘመን ድረስ ያገለገለውን የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ።

ባልደረባና ድርጎ

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ ግን ታሪክን በአንድ ዓይን ብቻ መመልከት እንዳይሆንብን የነገሩን ሌላ ገጽ ማየት ይገባናል። ምክንያቱም እንግዳ ተቀባይነታችን የመልካም ልብ ሥራ ብቻ አልነበረም፤ የመንግሥት ሥርዓትም ነበረ። ሥርዓት ባለበትም ከፋይ አለ።

ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ወደ ቤተ መንግሥት ሲደርስ ባልደረባ ይሰጠው ነበር። ባልደረባ ማለት እንግዳውን ወይም ባለጉዳዩን ወደ ንጉሡ የሚያቀርብ፣ ቃሉን የሚያደርስ፣ የሚያስፈልገውንም የሚጠይቅለት ሰው ነው። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ አብሮን የሚሠራውን ሰው «የሥራ ባልደረባዬ» ስንል ይህን የቀድሞ ትርጉም አናስታውሰውም። ከባልደረባውም ጋራ ድርጎ ይታዘዝለት ነበር፤ ይኸውም እንጀራው፣ ጠጁ፣ በጉና ሰንጋው ነው። እንግዳው ወደ ገጠር ሲወጣም በየደረሰበት አገር ሕዝቡ ስንቅ እንዲያቀርብለትና ጓዙን እንዲሸከምለት ይታዘዛል።

ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ በአጼ ልብነ ድንግል ዘመን ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. ድረስ ከመልእክተኞቹ ጋራ በኢትዮጵያ ተቀምጦ የጻፈው መጽሐፍ ይህን ሥርዓት ያሳየናል። የመልእክተኞቹን ጓዝ የሚሸከሙትና ስንቃቸውን የሚያቀርቡት በመንገዱ ላይ የሚገኙ ባላገሮች ነበሩ፤ የሚያደርጉትም ወደው ብቻ ሳይሆን ተገደው ጭምር ነበረ። ለእንግዳው የታረደው በግ ከንጉሡ በረት ሳይሆን ከድኻው ደጃፍ የተወሰደ ነበረ ማለት ነው።

ከዚያው መጽሐፍ የምናገኘው ሌላም ነገር አለ። ፔሮ ዳ ኮቪልያ የሚባል ፖርቱጋላዊ በ1479 ዓ.ም. በንጉሡ ትእዛዝ ካገሩ ወጥቶ ከብዙ መንከራተት በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ገባ። በክብር ተቀበሉት፤ ርስት ሰጡት፤ ሚስት አጋቡት፤ ልጆችም ወለደ። ነገር ግን ወዳገሩ ለመመለስ ፈቃድ አላገኘም። መልእክተኞቹ ሲደርሱ ያገሩን ሰዎች በማየቱ እጅግ ተደሰተ፤ አስተርጓሚም ሆናቸው። እንግዳውን ማክበሩስ ተከብሯል፤ እንግዳው የሚፈልገውን ግን የጠየቀው የለም።

እንደዚሁም ወታደር በገበሬ ቤት ሲሰፍር ስሙ «እንግዳ» ነበረ። አስተናጋጁ ግን ደጁን የሚዘጋበት ሥልጣን አልነበረውም። ከክፉ ቀን በኋላ በ1880ዎቹ ዓመታት አጼ ምኒልክ ገበሬው አሥራት እንዲከፍል አድርገው የወታደሩን በገበሬ ቤት መስፈር ለማስቀረት ማወጃቸው የሸክሙን ከባድነት ያመለክታል። እንግዲህ «እንግዳ ተቀባይ ሕዝብ ነን» ብለን በምንመካበት ጊዜ አስቀድመን «የእንግዳውን ዋጋ ማን ከፈለ?» ብለን መጠየቅ ይገባናል።

ካገር የወጡት

አሁን ደግሞ የእኛ ሰዎች እንግዳ በሆኑበት አገር የደረሰባቸውን እንመልከት።

አባ ጎርጎርዮስ የተባሉት የአማራ ሰው ከኢትዮጵያ ወጥተው በሮማ ለኢትዮጵያውያን በተሰጠው በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት ተቀምጠው ሳለ ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባል ወጣት ጀርመናዊ ፈልጎ መጣባቸው። ሉዶልፍ ግዕዝን ከመጽሐፍ ተምሮ ነበር፤ አማርኛ ግን አያውቅም። አባ ጎርጎርዮስም የእርሱን ቋንቋ አያውቁም። ስለዚህ ሁለቱ ሰዎች ማንም በአፉ በማይነጋገርበት በግዕዝ፣ እያንዳንዱን ቃል እየፈለጉ መነጋገር ጀመሩ። በ1644 ዓ.ም. የጎታው መስፍን ኤርንስት አባ ጎርጎርዮስን ወደ ጀርመን አገር አስጠርቶ በክብር ተቀበላቸው። ሉዶልፍ ከጊዜ በኋላ ያሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክና የአማርኛ ሰዋስው ከዚህ ወዳጅነት የተገኘ ፍሬ ነው። አባ ጎርጎርዮስ በ1650 ዓ.ም. ግድም በባሕር ጉዞ ላይ ሳሉ መርከባቸው ተሰብሮ አረፉ። አገራቸውን ዳግመኛ አላዩም፤ ነገር ግን በኤውሮፓ የኢትዮጵያ ጥናት መሠረት የተጣለው አንድ እንግዳና አንድ አስተናጋጅ በተሰባበረ ግዕዝ ተነጋግረው ነው።

ከእርሳቸው በኋላ በኢጣልያ አገር የኖሩት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮማ ሁለት መጻሕፍት አሳተሙ። አንዱ የታወቀው ልብ ወለድ ታሪካቸው ነው። ሁለተኛው ወደ ሐበሻ ምድር ለሚጓዝ የውጭ አገር ሰው የተጻፈ፣ በፈረንሳይኛና በአማርኛ ጭውውት የተዘጋጀ መምሪያ ነው። ይህ መጽሐፍ ለአንድ ነገር ምስክር ይሆነናል፤ ሁለት ሕዝብ ሲገናኝ ከንግድና ከፖለቲካ በፊት እንዴት እንደሚነጋገሩ የሚያስተምር ሰው ያስፈልጋል።

በ1924 ዓ.ም. ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በመልእክተኛነት ወደ ጃፓን ሄደው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ፤ የሁለቱንም አገር መመሳሰል አነሡ። እኔ እዚህ ላይ ከራሴ አንድ ነገር ልጨምር። ጃፓናውያን ሲገናኙ አይሳሳሙም፤ እጅም መጨባበጥ የቀድሞ ልማዳቸው አይደለም፤ ሰላምታቸው ጎንበስ ማለት ነው። ነጠላውን አደግድጎ እጅ ሲነሣ ላደገ ኢትዮጵያዊ ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። ቋንቋው ቢለያይም የወገብ መጉበጥ ይገባዋል። ሰላምታ ከቃል በፊት በአካል የሚነገር መሆኑን ከዚህ እናያለን።

በኮልፌ የሠለጠነው እንግዳ

አሁን ወደ ኮልፌ እመለሳለሁ። በ1954 ዓ.ም. በጥር ወር መጨረሻ የምሥራቅ፣ የመካከለኛውና የደቡብ አፍሪካ የነጻነት ንቅናቄ ጉባኤ በአዲስ አበባ ተደርጎ ነበር። ከደቡብ አፍሪካ በምሥጢር ወጥተው ከመጡት መካከል አንዱ ኔልሰን ማንዴላ ነበሩ። በዚያው ዓመት በክረምቱ መግቢያ ተመልሰው መጥተው በኮልፌ በፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሠፈር የጦር ትምህርት ተማሩ። ይህንንም «ረጅሙ ጉዞ ወደ ነጻነት» በሚባለው፣ በ1987 ዓ.ም. በታተመው የሕይወት ታሪካቸው ውስጥ ጽፈውታል።

ማንዴላ የመጡት ነጭና ጥቁር በአንድ ወንበር የማይቀመጥበት፣ ጥቁር ሰው የይለፍ ወረቀት ሳይዝ በገዛ አገሩ መንገድ የማይሄድበት አገር ጥለው ነው። በዚያው አገር የሚኖሩ ዙሉዎች ሰላም ሲባባሉ «ሳውቦና» ይላሉ፤ ትርጉሙም «አየንህ» ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሰላምታ ያለው ሕዝብ በአፓርታይድ ሕግ እንዳልታየ ተቈጥሮ ይኖር ነበር። ወደ አዲስ አበባ የሚያመጣቸውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን የሚነዳው ጥቁር ሰው መሆኑን ሲያዩ ለጊዜው ልባቸው እንደ ደነገጠ፣ ወዲያውም የአፓርታይድ አስተሳሰብ በእርሳቸው ውስጥ እንዳለ ተገንዝበው ራሳቸውን እንደ ወቀሱ ሳይደብቁ ጽፈዋል። ሰው ከእንግዳ ጋራ ሲገናኝ ራሱን ጭምር እንደሚያገኝ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ የለም።

በኮልፌ ትምህርቱ ከባድ ነበረ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 7 ሰዓት፣ ከምሳም በኋላ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ድረስ ይሠለጥኑ ነበር። ከ10 ሰዓት እስከ ምሽት ደግሞ ስለ ጦር ጥበብ የሚያስተምሯቸው ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ነበሩ። ታደሰ ብሩ በ1953 ዓ.ም. የተሞከረውን የመንግሥት ግልበጣ በማክሸፍ የታወቁ መኰንን ናቸው። ለእንግዳው ካስተማሯቸውም አንዱ ይህ ነበር፦ አለቃ በሥራ ላይ ሳለ በሥልጣኑ ይዘዝ፤ ከሥራ ውጭ ግን ከመጨረሻው ተራ ወታደር ጋራ እንኳ ፍጹም እኩል ሆኖ ይኑር፤ እነርሱ የሚበሉትን ይብላ፤ ከእነርሱ አይለይ።

ማንዴላ ይህን ትምህርት የሚደነቅ ሆኖ አግኝተውታል። ነገር ግን ቀጥለው የጻፉት ነገር አንባቢን ፈገግም ያሰኛል፣ ያሳዝናልም። ኮሎኔሉ ይህን እያስተማሩ ሳለ አንድ የበታች ወታደር ገብቶ ሌላ መኰንን የት እንደሚገኝ ጠየቀ። ኮሎኔሉ ከታላቅ እንግዳ ጋራ እየተነጋገሩ ሳለ ደፍሮ በመግባቱ ተቈጥተው ካጠገባቸው አስወጡት። ከዚያም ምንም እንዳልተደረገ ሁሉ ስለ እኩልነት የጀመሩትን ትምህርት ቀጠሉ።

ይህን የጠቀስሁት እኒያን ሰው ለመንቀፍ አይደለም። ታደሰ ብሩ ለእንግዳቸው ሙሉ አስተናጋጅ ነበሩ፤ ማንዴላ ከስምንት ሳምንት በኋላ ወዳገራቸው እንዲመለሱ ሲጠሩ ሽጉጥና ሁለት መቶ ጥይት ሰጥተው ሸኝተዋቸዋል። ማንዴላ ሐምሌ 29 ቀን 1954 ዓ.ም. ተያዙ፤ እስከ 1982 ዓ.ም. ድረስም በእስር ቤት ቆዩ። ታደሰ ብሩ ደግሞ በ1967 ዓ.ም. በሞት ተቀጡ፤ እንግዳቸው ነጻ ወጥቶ በ1982 ዓ.ም. ክረምት ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ ለማየት አልታደሉም። ስለዚህ ጥፋቱ የአንድ ሰው አይደለም፤ የልማዳችን ነው። በልብነ ድንግል ዘመን የእንግዳውን ጓዝ የተሸከመው ባላገርና በ1954 ዓ.ም. ከኮልፌው አዳራሽ የወጣው ወታደር አንድ ሰው ናቸው። ለሩቁ እንግዳ የምንሰጠው ክብር ብዙ ጊዜ ከቅርቡ ድኻ ላይ ተቀንሶ የሚሰጥ ነው።

በስደት ያሉት ወንድሞቻችን

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ነገሩ መልኩን ለወጠ። «ጌታዬ» ቀርቶ «ጓድ» መጣ፤ ከበቅሎ የሚወርድም፣ እጅ የሚነሣም እየቀነሰ ሄደ። በዚያው ዘመን ደግሞ ብዙ ሺህ ሰው በሱዳን በኩል ተሰዶ ወደ አሜሪካና ወደ ኤውሮፓ ሄደ። ቀድሞ ካገር የሚወጣው መልእክተኛ፣ መነኩሴ ወይም ተማሪ ነበረ፤ ባልደረባም አያጣም ነበር። አዲሱ ስደተኛ ግን ባልደረባ የለውም።

ታላቅ ወንድሜ ከብዙ ዓመት በፊት ወደ አሜሪካ ሄዶ በረዶ በሚበዛበት በሰሜኑ ክፍል ይኖራል። ባለፈው ዓመት ለዘመድ ጥየቃ በመጣ ጊዜ ቡና እየጠጣን ያጫወተኝን እዚህ ላይ ልጥቀስ። በሄደ በመጀመሪያው ሳምንት በመንገድ ያገኘውን ሁሉ ሰላም ይል ነበር። አንዳንዱ ፈገግ ብሎ «እንዴት ነህ» ይለዋል፤ መልሱን ሳይጠብቅ ግን አልፎት ይሄዳል። ወንድሜም «ደኅና ነኝ፤ አንተስ?» ለማለት ሲዞር የሰውየውን ጀርባ ያገኛል። «መጀመሪያ ያሾፉብኝ መስሎኝ ነበር» አለኝ። እኔም «ጋሼ፣ እኛስ ብንሆን ለሁሉም ጥያቄ እግዚአብሔር ይመስገን ብለን አይደለም እንዴ የምንመልሰው? ታሞ የተኛው እንኳ ደኅና ነኝ ይላል» ብዬ መለስሁለት። ጥቂት አሰበና «ልክ ነህ፤ ግን እኛ አምስት ጊዜ እንጠይቃለን። በአምስተኛው ላይ እውነቱ ይወጣል» አለኝ። ይህ ንግግሩ በልቤ ቀርቷል።

ከጎኑ የሚኖር አንድ ሰው ደግሞ ሰባት ወር ሙሉ በደረጃው ላይ ሲያገኘው በእጁ ሰላም ከማለት በቀር ስሙን ጠይቆት አያውቅም ነበር። ወንድሜም «ደንጊያ ልብ ያለው ሰው ነው» ብሎ ደምድሞ ነበር። አንድ ማለዳ ግን ብዙ በረዶ ወርዶ ሲወጣ፣ ያ ጎረቤት የወንድሜን መኪና ከበረዶው ቆፍሮ አውጥቶለት አገኘው። ለማመስገን ሲጠጋም ሰውየው እጁን አውለብልቦ ገባ። «ቡና ጠጣ ብዬ እንዳልጠራው ቸኰለ፤ እርሱ ግን ጤና ይስጥልኝ ማለቱ ነበር፤ በአካፋ ተናገረው እንጂ» አለኝ ወንድሜ።

ከዚህ እንደምንረዳው በሕዝቦች መካከል ያለው ልዩነት የፍቅር መብዛትና ማነስ አይደለም፤ ፍቅሩ የተቀመጠበት ስፍራ መለየት ነው። አንዳንዱ ሕዝብ ፈገግታውን ከመንገድ ላይ ያስቀምጣል፤ ደጁን ግን ዘግቶ ይኖራል። ሌላው በመንገድ ፊቱን ኮስተር ያደርጋል፤ ደጁ የደረሰውን ግን እግር አጥቦ ያሳድራል። ሌላው ደግሞ ሰውን በዝምታው ማክበር ይወዳል፤ በአውቶቡስ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠውን አለማነጋገሩ ንቀት ሳይሆን ጨዋነት መስሎ ይታየዋል። ይህን ያልተረዳ ስደተኛ ደግ ሰዎችን ክፉ መስለውት ብቻውን ሲያዝን ይኖራል።

ስለ ራሳችን

አሁን የመጨረሻውን ነገር ልናገር፤ ይህንንም የምናገረው በሌላው ላይ ሳይሆን በራሴ ላይ ነው።

ከጥቂት ጊዜ በፊት በምሠራበት ክፍል ብዙ ወረቀት ተከምሮብኝ ሳለ አንድ የገጠር ሽማግሌ ገቡ። «እንደምን ዋላችሁ» አሉ። ዓይኔን ከወረቀቱ ሳላነሣ «ይቀመጡ አባባ» አልኋቸው። ሁለተኛ «እንደምን ዋልህ ልጄ» አሉኝ። እኔም «ጉዳይዎ ምንድን ነው?» አልሁ። ሽማግሌው ግን አልተቀመጡም። ነጠላቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ጉዳዬስ ይቆይ፤ ለሌላም ቀን እመለሳለሁ። ሰላምታዬን ግን መልስልኝ፤ ይዤው ወደ ቤቴ ልመለስ አልችልም» አሉኝ።

ብድግ ብዬ እጃቸውን ጨበጥሁ። እንደምን እንደ ዋሉ፣ ከየት እንደ መጡ፣ በእግር ስንት ሰዓት እንደ ተጓዙ ጠየቅኋቸው። ጉዳያቸው የአንድ ፊርማ ጉዳይ ነበረ፤ ሰላምታውም ፊርማውም አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ነገር ግን ያን ቀን ማታ ወደ ኮልፌ ስመለስ ፊቴ ላይ የነበረው ኀፍረት አልለቀቀኝም። በዚያው ሳምንት አንድ የውጭ አገር እንግዳ ወደ መሥሪያ ቤታችን መጥቶ ሳለ ከደረጃው ታች ወርጄ፣ በማላውቀው ቋንቋ ቃል እየፈለግሁ፣ ተቀብዬው ነበርና።

እንግዲህ እኔም እንደ ቀድሞው ሥርዓት የእንግዳውን ድርጎ ከባላገሩ ወስጄ የከፈልሁ ሰው ነበርሁ።

ዛሬ ከተማችን እጅግ ሰፍታለች። ቀድሞ በዕድርና በቡና የሚገናኝ ጎረቤት ዛሬ በፎቅ ደረጃ ላይ ሲተላለፍ ዓይኑን ወደ ስልኩ ይመልሳል። ከገጠር ወደ ኮልፌ የመጣ ወጣት፣ ከኮልፌም ወደ አሜሪካ የሄደ ወንድም የሚደርስባቸው ብቸኝነት አንድ ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ የባሕሩ ስፋት ብቻ ነው። ወንድሞቻችን በባዕድ አገር «ሰላምታ የሚመልስልን አጣን» ብለው ሲያዝኑ እናዝንላቸዋለን። ነገር ግን በገዛ አገሩ ሰላምታውን ይዞ ከየደጃፋችን የሚመለስ ስንት ባለጉዳይ አለ?

የቀድሞው ባልደረባ ሥራው ጉዳይ ያለውን ሰው እጁን ይዞ ወደ ባለሥልጣን ማቅረብ ነበር። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች እርስ በርሳችን ባልደረባ ከምንባባል ይልቅ ለሚመጣው ባላገር ባልደረባ ብንሆንለት ስሙ ወደ ትክክለኛ ቦታው ይመለሳል። ለዚህም አዲስ ዐዋጅ፣ አዲስም በጀት አያስፈልግም። ዓይንን ከወረቀት ላይ አንሥቶ «ጤና ይስጥልኝ» ማለት፣ በመጨረሻዋም ክፍል በ«ልኝ» ማመን ይበቃል።